ትንሽ ብቻ የቀራቸው ሰው

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ ሥራውን የሚጨርስና "ትንሽ ብቻ ቀረኝ" የሚል። ሁለተኛው ወገን በቁጥር ቢያንስም በጉልበት አያንስም፤ የመጀመሪያው ወገን በሙሉ ቆሞ የሚጠብቀው እርሱን ነውና። መደርደሪያ ሲሰቅል አይታችሁት ይሆናል። ምስማሩ ተመቷል፣ ጣውላው ቆሟል፣ ዕቃው ሊደረደር ነው። እርሱ ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ወደ ግራ አላዘነበለም?" ይላል። ከዚህ በኋላ ዕቃውን መልሶ መሬት ላይ አስቀምጦ ሌላ ሥራ መፈለግ ነው።

የዚህ ወገን አለቃ፣ ያለ ሹመት የተሾሙ፣ ያለ ምርጫ የተመረጡ፣ ክቡር ሊቀ አንቴና ናቸው።

ይህን ማዕረግ የሰጣቸው የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ነው። የማኅበሩ አባላት ትርፍ ጊዜያቸውን ሁሉ ሰብስበው፣ በራሳቸው መሣሪያ፣ በአየር ላይ፣ አይተውት ከማያውቁት ሰው ጋር "ይሰማል?" "ይሰማል!" መባባልን ከዓለም ደስታ ሁሉ የሚያስበልጡ ሰዎች ናቸው። በሥራ ቀን ግን ሊቀ አንቴና ልብስ ሰፊ ናቸው። የሰፉት ኮት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ለባሹ ቁመት የጨመረ ይመስለዋል። ችግሩ ማረፉ ላይ ነው። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ዕለት ጠዋት ሱሪውን ሊወስድ ሄዶ "እግሩ ጋ ትንሽ ብቻ ቀረ" ስለተባለ በወንድሙ ሱሪ ተሞሽሯል። የራሱ ሱሪ እጁ የገባው የበኩር ልጁ ጥርስ ሲያበቅል ነው። ሊጣላ ቆርጦ የሄደው ሰውዬ ሱሪውን ለብሶ መስታወት ፊት ቢቆም ግን ቁጣው ከየት እንደሚጀምር ጠፋበት፤ ሌላ ሱሪ አዘዘና ተመለሰ። ያኛውም እነሆ ትንሽ ብቻ ቀርቶታል።

ባለቤታቸው በበኩላቸው እንዲህ ሲሉ ይመሰክራሉ፦ "'አግቢኝ' የምትለዋን አንዲት ቃል ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል፣ ወጣትነቴ ሊያልፍ ሆነ። በመጨረሻ እኔው ጠየቅሁት።"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"ምን ይላል? 'ትንሽ ብቻ ቀርቶኝ ነበርኮ' አለኛ!"

ይህን ሁሉ ታሪክ ከማንም በላይ አብጠርጥራ የምታውቀው ባለ ፋርማሲዋ ናት። ሱቋ ከልብስ ስፌቱ ፊት ለፊት ነው፤ የብርድ ወራት ኮቷንም እጅጌው እንዲያጥርላት ለእርሳቸው ሰጥታ፣ ብርዱን በእህቷ ሹራብ አሳልፋዋለች። በዚህ ላይ የማኅበሩ አዲስ አባል ናት። የጀማሪዎችን ፈተና አልፋ ፈቃዷን ከተቀበለች ሰንበትበት ብትልም፣ በአየር ላይ ገና አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ለመተንፈስ የቀጠረችው ማኅበሩ በየበጋው ኮረብታ በሚወጣበት ቀን ነው። በዚያ ቀን አባላቱ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ ድንኳን፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛና ልኩን ማንም የማያውቀው ገመድ ተሸክመው ከከተማው ጀርባ ያለውን ኮረብታ ይወጣሉ። በከተማ፣ በግድግዳና በመብራት መስመር መካከል ታንቆ የኖረው ሬዲዮ እዚያ እንደ ልቡ ይተነፍሳል፤ ጀማሪዎችም የመጀመሪያ ንግግራቸውን የሚያደርጉት እዚያ ነው። ስልክ ክልክል ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር የሆኑት ሊቀመንበር ገና ከታች ሳሉ የሁሉንም ስልክ በከረጢት ሰብስበው መኪናቸው ውስጥ ይቆልፉበታል። "ከስልኩ ጋር ያልተፋታ እኔ ጋ አይሳፈርም" ይላሉ።

ባለ ፋርማሲዋን የሚጠብቃት ሰው ነበር። አባቷ ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ ከሸለቆው ማዶ ባለችው ከተማ፣ ከአሮጌ ሬዲዮናቸው ጋር ይኖራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከልጆቻቸው አንዱ እንኳ ይህን ነገር እንዲወድላቸው ሲመኙ ኖረው፣ ታላላቆቹ "የአባባ ዕብደት" እያሉ አንድ በአንድ አመለጡ፤ የቀረቻቸው እርሷ ብቻ ናት። ጉልበታቸው ኮረብታ ስለማያስወጣቸው ከዋዜማው ጀምሮ ወንበራቸውን ሬዲዮው አጠገብ ተክለዋል።

"ጀምበር እስክትጠልቅ ከዚህ አልነሳም" ብለዋታል። "ያኔ ድምፅሽን ካልሰማሁ ግን ሬዲዮውን አውጥቼ ዶሮ አሰፍርበታለሁ።"

ይህን ያሉት እየሳቁ ነው። እርሷ ግን ከሳቁ ሥር ያለውን ነገር ሰምታለች።

በዕለቱ ጠዋት ኮረብታው ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ያበራል፤ ነፋሱ የሰውን ባርኔጣ ብቻ እየመረጠ ይዘርፋል። ሊቀ አንቴና የመለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ አፋቸው ውስጥ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ መርፌ ነክሰው፣ ሥራ ጀመሩ። ማንም ምንም አይነካም። ሊነካ እጁን የዘረጋ ሁሉ "ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ልንካው!" ይባላል።

መጀመሪያ ሬዲዮውን በሆዳሙ ፈተሹ። ሆዳሙ የሚባለው የቀለም ቆርቆሮ የሚያህል፣ ውስጡ ዘይት የተሞላ ዕቃ ነው። በአንቴና ፈንታ ሲሰካ ከሬዲዮው የወጣውን ሁሉ ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ በፍተሻ ሰዓት አየሩ ላይ ያለ ሰው እንዳይረበሽ ነው። ሬዲዮው ደኅና ነው። ሆዳሙ ተነቅሎ ጠረጴዛው ሥር ጥላ ውስጥ ገባ፤ የአንቴናው ገመድ በቦታው ተሰካ። ከላክነው ኃይል ስንቱ አኩርፎ እንደተመለሰ የምትናገረው፣ ሬዲዮው ላይ ያለችው የመለኪያ መርፌም ትንሽ ተነሳች፤ ጨርሳ ብትተኛ ነበር ፍጹም የሚሆነው።

"እ… ደኅና ነው" አሉ ሊቀ አንቴና። "ትንሽ ብቻ ቀረ።"

አንቴናው በሁለት ዛፎች መካከል የተዘረጋ ሽቦ ነው። አንዱን ጫፍ ስንዝር ከፍ አደረጉት። ትንሽ ቀረ። ሌላውን ዝቅ አደረጉት። ትንሽ ቀረ። ጫማቸውን አውልቀው ዛፉ ላይ ወጡ፤ ባለ ፋርማሲዋ ማይክሮፎኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከቅጠሉ መካከል የሚታዩትን ሁለት ካልሲዎች እያየች ጠበቀች። ረፋዱ አለፈ። ምሳ ተበላ። ካልሲዎቹ ወደ ሁለተኛው ዛፍ ተዛወሩ።

"ጋሼ፣ አሁን ብሞክረውስ?" አለች አንገቷን አቅንታ።

"ይቺን ብቻ፣ የኔ ልጅ! ሰው ፊት ክሩ ያልተቆረጠ ልብስ ለብሰሽ ትቀርቢያለሽ?"

"እኔማ እንኳን ክሩ ያልተቆረጠ፣ ኮቱም የለኝ።"

ካልሲዎቹ አንድ ቅርንጫፍ ከፍ አሉ።

ከብዙ መውጣትና መውረድ በኋላ ሊቀ አንቴና ወርደው፣ "መሰኪያው አቧራ ገብቶበት ይሆናል" በማለት ገመዱን ነቅለው፣ ጠርገው፣ እፍ ብለው መልሰው ሰኩት። የመለኪያዋን መርፌ ሲያዩ ከንፈራቸው ላይ ያለው የስፌት መርፌ ወደቀ። የመለኪያዋ መርፌ ተኝታለች። ንቅንቅ አትልም። ከተላከው ኃይል አንዲት ጠብታ አልተመለሰችም።

"ፍጹም!" አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ጮኹ፦ "ፍጹም ነው! ምንም አልቀረም!"

እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅምና ማኅበሩ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ "ጠጋ ጠጋ በሉ! መኪናው ተነሣ!" እያሉ አባላቱን በጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰቡ። ባለ ፋርማሲዋ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ እየተንቀጠቀጠ ያስቸገራትን እጇን በሌላው እጇ ደግፋ፣ የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫነች።

"ለምትሰሙኝ ሁሉ፣ ለምትሰሙኝ ሁሉ። አዲስ ጀማሪ ነኝ፤ ከኮረብታው ላይ ነው የምናገረው። አባዬ፣ ትሰማኛለህ? ኦቨር።"

ኦቨር፣ ማለትም "ጨረስኩ፣ ተራው ያንተ ነው"፣ ብትልም ሬዲዮው ትንፍሽ አላለም።

"ጸጥታውን ስሙልኝ!" አሉ ሊቀ አንቴና ዓይናቸውን ጨፍነው። "ጥራት ይሉሃል ይሄ ነው! አንዲት ኮሽታ የለችም!"

"ሰውም የለም" አሉ ሊቀመንበሩ።

ደጋግማ ጠራች። አባቷን ሰላም አለች፤ የኮረብታውን ውበት ነገረቻቸው፤ ጉልበታቸውን ጠየቀች፤ በመጨረሻም "አባዬ፣ በናትህ" አለች። መልስ የለም። ከሰዓቱ እየተንሸራተተ ሄደ፤ የዛፎቹ ጥላ ረዝሞ ጠረጴዛውን ተሻገረ። አንዱ አባል ዝግ ባለ ድምፅ "ወርደን ስልክ ብናወጣላትስ?" አለ።

"አይሆንም" አለች ወዲያው። "በስልክማ በየቀኑ ያገኘኛል። የሚጠብቀኝ በዚህ ነው።"

ሊቀ አንቴና አሁን ወደ ዛፉ አላዩም። ፍጹም በሆነ ነገር ላይ ምን ይጨመራል? እጃቸው ሥራ አጥቶ የኮታቸውን ቁልፍ ይቆጥራል።

ሊቀመንበሩ ሐዘን ሲገባቸው የሚርባቸው ሰው ናቸው። ከጠረጴዛው ሥር ከምሳ የተረፈ ዳቧቸውን አንሥተው ገመጡ፤ ግማሹን ከዋጡ በኋላ ማኘካቸውን አቆሙ።

"እንዴ! ዳቦዬ ትኩስ ነው።"

"ፀሐይ መትቶት ነዋ።"

"የምን ፀሐይ? ጥላ ውስጥ፣ ሆዳሙ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።"

ነፋሱ እንኳ ባርኔጣ መዝረፉን ተወ። ሁሉም ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። ሊቀ አንቴና የሙያ ኩራት ይዟቸው፣ ማኅበሩ እንዲያምር ብለው፣ ለገመዶቹ ሁሉ ከተረፈ የሱፍ ጨርቅ አንድ ዓይነት ግራጫ ልብስ ሰፍተውላቸዋል። ታዲያ ከሬዲዮው ጀርባ የተሰካው ግራጫ ገመድ ወደ ዛፉ አይሄድም። ወደ ጠረጴዛው ሥር፣ ወደ ሆዳሙ ይሄዳል። የአንቴናው ገመድ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ሰላምታው፣ ልመናው፣ የጉልበቱ ጥያቄ ሁሉ የሊቀመንበሩ ዳቦ ውስጥ ገብቷል። መርፌዋማ ለምን አትተኛ? ሆዳሙ የዋጠውን መልሶ አያውቅም።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ" አሉ ሊቀመንበሩ በቀረው ግማሽ ዳቦ እያመለከቱ። "'አባዬ በናትህ' የሚለውን ሳልበላው አልቀረሁም።"

ኮረብታው በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ሁለት ናቸው። ሊቀ አንቴና ፊታቸው እንደገመዱ ልብስ ግራጫ ሆኖ፣ ተንበርክከው ሆዳሙን ነቀሉ፤ አንቴናውን ሰኩ። ሬዲዮው እንደ ገበያ ተንጫጫ፤ ፉጨቱ፣ ጩኸቱ፣ ከሩቅ የሚያወራው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ገባ። መርፌዋም ተነሣችና ቆመች። የቆመችበት ቦታ ደኅና ነው፤ ግን፣ መካድ አይቻልም፣ ትንሽ ቀርቷል።

ሊቀ አንቴና መርፌዋን አዩ። ዛፉን አዩ። ከኮረብቶቹ ጫፍ ላይ ልትቀመጥ ያኮበኮበችውን ጀምበር አዩ። አንድ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሁሉም ተስፋ ቆረጠ። ከዚያ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ጨብጣ የቆመችውን ልጅ አዩና ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ።

"ይበቃል" አሉ። "ተናገሪ።"

ዳቦው ከሊቀመንበሩ እጅ ወደቀ። ባለ ፋርማሲዋ ቁልፉን ተጫነች።

"አባዬ! ትሰማኛለህ? ኦቨር።"

"አለሁ! አለሁ!" የሚል ድምፅ እንደ ቆርቆሮ እየሻከረ፣ እየሳቀ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ መጣ። "የት ጠፍተሽ ነው የዋልሽው? እኔና ወንበሩ ልንዋሐድ ምንም አልቀረን! ኦቨር።"

"ድምፄ ዳቦ ሲያሞቅ ዋለ፣ አባዬ! ኦቨር።"

"ምን ሲያሞቅ? ኦቨር።"

"ስመጣ እነግርሃለሁ። ዶሮ አታሰፍርበትም አይደል? ኦቨር።"

"የምን ዶሮ? ድምፅሽ እንደ ደወል ነው! ያን አንቴና ማነው የሰቀለው? አቅርቢልኝማ፣ አፌን ሞልቼ ላመስግነው። ኦቨር።"

ማይክሮፎኑን ዘረጋችላቸው። ያኔ ነው ሁሉም አንድ ነገር ትዝ ያላቸው፤ በየበጋው ዛፍ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩት፣ ማኅበሩን ሁሉ ከዓለም ጋር ያገናኙት ሰውዬ፣ በአየር ላይ ሲናገሩ የሰማቸው የለም። ሁልጊዜ የሚያስተካክሉት ነገር ነበራቸው። ባለ ፋርማሲዋ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። ያንን መንቀጥቀጥ ታውቀዋለች፤ ቅድም ከእርሷ እጅ ላይ ነበር። ምንም ሳትል መዳፏን ከእጃቸው ሥር አስገብታ ደገፈችላቸው።

ቁልፉን ተጫኑ። ረጅም ትንፋሽ በሸለቆው ላይ አለፈ።

"ት… ትንሽ ብቻ ቀረኝ" አሉ ሊቀ አንቴና። "ኦቨር።"

ከሸለቆው ማዶ የሰዓት ጠጋኙ ድምፅ፣ ዕድሜ ልኩን የተበታተኑ የሰዓት ጥርሶችን በትዕግሥት ሲገጣጥም የኖረ ሰው ድምፅ፣ ረጋ ብሎ መጣ።

"ግድ የለም፣ ወንድሜ። እጠብቃለሁ። ኦቨር።"

ጀምበሯ ከጠለቀችም በኋላ ጠበቁ፤ ሊቀ አንቴናም ተናገሩ። ስለ ሽቦው፣ ስለ ዛፎቹ፣ ስለ ካልሲያቸው ሳይቀር። ከኮረብታው ሊያወርዷቸው የቻሉት ሊቀመንበሩ ባትሪውን ነቅለው ከሸሹ በኋላ ነው።

ብርዱ ተመልሶ መጥቷል፤ የባለ ፋርማሲዋ ኮት እስካሁን ከልብስ ስፌቱ አልወጣም። ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ሊቀ አንቴና ከመንገዱ ማዶ እጅጌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ታያቸዋለች። ድሮ ታጉረመርም ነበር። አሁን የእህቷን ሹራብ ቆልፋ፣ እጇን እንደ ማይክሮፎን ወደ አፏ ታስጠጋለች።

"ጋሼ፣ ኮቴ ደረሰ? ኦቨር!"

"ትንሽ ብቻ ቀረ! ኦቨር!"

"እጠብቃለሁ!" ትላለች፤ መጠበቅም እንዲህ ይሞቃል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።