በቀቀን፣ አንድ፣ አረንጓዴ

በዓለም ላይ ብዙ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የእኛን ከሁሉም ልዩ የሚያደርገው ያለ ቁጥር የሚቀመጥ አንዳች ነገር የሌለበት መሆኑ ነው። ወንበሩ ቁጥር አለው፤ የበሩ እጀታ ቁጥር አለው፤ አምና የጠፋው መጥረጊያ እንኳ፣ ራሱ ባይኖርም ቁጥሩ አለ። እኔ የዚህ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ በስብሰባ ላይ አንድም ቀን ሐሳብ ሰጥቼ አላውቅም፤ የሌላውን ስጽፍ የራሴ የት እንደገባ እንጃ። ስለዚህ የምነግራችሁን ያለ ጥርጥር ልታምኑ ትችላላችሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ የጎብኚዎች ቡድን ለምስጋና ብሎ በሽቦ ጎጆ ውስጥ ያለ የበቀቀን ጫጩት ትቶልን የሄደ ዕለት ነው። ላባው ገና በወጉ አልሞላም፤ ዓይኑ ብቻ ትልቅ ነው። ዋና ኃላፊው ጎጆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና፣ «ይህ ወፍ ብቻ አይደለም፤ አደራ ነው» ብለው አደራውን ወዲያው ለንብረት ክፍል ኃላፊዋ አቀበሏት።

ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጠንቃቃ ሴት ናት። ቅጽ አውጥታ ሞላች። የዕቃው ዓይነት፦ በቀቀን። ብዛት፦ አንድ። ቀለም፦ አረንጓዴ። የተሠራበት ፋብሪካ፦ ያልታወቀ። መለዋወጫ፦ የለውም። ከዚያ ቁጥር 412 የተጻፈበትን ወረቀት እግሩ ላይ ለጠፈች። በቀቀኑ በላው። ደግማ ለጠፈች፤ ደግሞ በላው። በሦስተኛው ቁጥሩን ጎጆው ላይ ለጥፋ፣ «ውስጡ ያለውን ጨምሮ» የሚል ማብራሪያ አከለችበት።

ለዕቃው ቦታ የተገኘው መዝገብ ቤት ነበር። መዝገብ ቤቱን ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙት ጋሼ ማኅደር ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የራሳቸው ማኅደር ብቻ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል። ልጅ የላቸውም። ቤታቸው ውስጥ ከሬዲዮ በቀር የሚናገር የለም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀቀኑ ከጎጆው ይልቅ የጋሼን ትከሻ መረጠ። ፋይል ሲፈልጉ አብሮ ይፈልጋል፤ ሲገኝ ጫፉን ይበላል። የኮታቸውን ቁልፎች ከአንዱ በስተቀር ነቃቅሎ ጨረሰ። ሻይ ሲጠጡ ማንኪያውን ነጥቆ መጋረጃ ላይ ይሰቀላል፤ ውሃ በሰሃን ካቀረቡለት ገላውን ይታጠብና ለፊርማ የተዘጋጀ ደብዳቤ ላይ ይራገፋል። አዲስ ነገር ሲያይ ራሱን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሲደክመው አንገታቸው ሥር ተለጥፎ ያንቀላፋል፤ ያን ጊዜ ጋሼ ለማስነጠስ እንኳ ይሳቀቃሉ። ቅዳሜና እሑድ እንዳይከፋው ብለው ቢሮ መምጣት የጀመሩ ብቸኛው ሠራተኛም እሳቸው ናቸው።

ጠዋት በሩን ሲከፍቱ፣ «ደህና አደርክ ወዳጄ?» ይሉታል። በአምስተኛው ወር አንድ ቀን ቀደማቸው።

«ደህና አደርክ?»

እኔ ደብዳቤ ላስገባ መጥቼ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ጋሼ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ።

«ሰማህ?» አሉኝ። «ከእሷ ወዲያ እንዲህ ከልቡ ደህና አደርክ ያለኝ የለም እኮ።»

እኔ በየቀኑ ስላቸው እንደኖርኩ ላስታውሳቸው ከጅሎኝ ነበር። ግን ሐሳብ መስጠት ልማዴ አይደለም።

የፈሩት ይደርሳል፤ የጡረታ ደብዳቤያቸው መጣ። ሦስት ወር ቀራቸው። ጋሼ የተረፈቻቸውን አንድ ቁልፍ ቆልፈው ንብረት ክፍል ገቡ።

«ልጄ፣ ያን ወፍ ስወጣ ይዤው ልሂድ።»

«ምን ነካዎት ጋሼ? አራት መቶ አሥራ ሁለትን? ንብረት እኮ ነው!»

«እስትንፋስ ያለው ፍጡር ነው።»

«እስትንፋስ የሚል ቅጹ ላይ የለም። ንብረት ለግለሰብ የሚሰጠው አገልግሎት የማይሰጥ መሆኑን ኮሚቴ ሲያረጋግጥ ነው።»

«የበቀቀን አገልግሎት ደግሞ ምንድን ነው?»

«መናገር ነዋ! የማይናገር በቀቀን ከማይጽፍ እስክሪብቶ በምን ይሻላል? ካልተናገረ ይወገድና ይወስዱታል። ከተናገረ ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

እንግዲህ ጋሼ ማኅደር የትኛውም በቀቀን አሳዳጊ ያልሞከረውን ሥራ ጀመሩ፤ በቀቀን ዝም ማሰኘት። ሠላምታ አቆሙ። ጠዋት በሩን በቀስታ ከፍተው፣ በእግራቸው ጣት ተራምደው ይገባሉ። በቀቀኑ «ደህና አደርክ?» ይላል፤ ጋሼ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው ያዞራሉ። እንደገና ይጠይቃል፤ ፋይል ያገላብጣሉ። ትከሻቸው ላይ ወጥቶ ጆሯቸውን እየነከሰ ይጠይቃል፤ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። አንድ ቀን ስገባ ከመደርደሪያው ጀርባ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። አንጀቴን በሉት፤ እውነቱን ለመናገር፣ አለቀስኩም። በሁለት ወር ውስጥ ያ ለፍላፊ ወፍ መጠየቁን ተወ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ጋሼ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ አሥር ዓመት አረጁ።

ኮሚቴው መዝገብ ቤት ተሰበሰበ። ዋና ኃላፊው ሰብሳቢ፣ ንብረት ክፍል ኃላፊዋና የሰው ኃይል ኃላፊው አባል፣ እኔ ጸሐፊ። ጋሼ በቀቀኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ቃል እንዳይተነፍስ በሆዳቸው እየለመኑ እንደሆነ ከንፈራቸው ያስታውቃል። ዋና ኃላፊው አዲስ መነጽራቸውን፣ የሚያብለጨልጭ ማንጠልጠያ ያለውን፣ አጠለቁና ንግግር ጀመሩ።

«በቀቀን ስንል ምን ማለታችን ነው? ይህን ከሥር መሠረቱ ሳንመረምር ወደ ፊት መራመድ ወደ ኋላ መሮጥ ነው።»

በቀቀኑ ማንጠልጠያውን አየና ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ። ዋና ኃላፊው ልብ አሉት። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ማንጠልጠያው ተወዛወዘ፤ በቀቀኑም ከፍ ዝቅ አለ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ስለ ቅንጅታዊ አሠራር፣ ስለ አመለካከት ለውጥና መነሻው ስለጠፋበት አንድ ሌላ ጉዳይ አብራሩ። የሰው ኃይል ኃላፊው ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው። በቀቀኑ አንዴም አላንቀላፋም። አንዴም አልተናገረም።

ንብረት ክፍል ኃላፊዋ እጇን አወጣች። «እንግዲህ እንደታየው አይናገርም፤ ይወገድ የሚል...»

«ይወገድ?» ዋና ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስት ሰዓት ተኩል አላቋረጠኝም። ስልክ አልነካካም። በየነጥቡ ራሱን እየነቀነቀ ተቀብሎኛል። እንዲህ ያለው ንብረት ነው?»

«በፍጹም አይደለም!» አለች እሷም፣ ራሷ የመዘገበችውን ረስታ።

«ሠራተኛ ነው እንጂ!» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው ከእንቅልፉ ባንኖ። «እንዲያውም ቋሚ!»

ጋሼ ከግድግዳው ተላቀቁ። «ኧረ ጌታዬ! አይናገርም እኮ! ምን ይሠራላችኋል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲናገሩ ምን ተሠራ?»

በቀቀኑ ያለ የሙከራ ጊዜ ቋሚ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቃል በቃል ጻፍኩት። ጋሼ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጎጆው አጠገብ ቁጭ ብለው ቀሩ። ዝም ማሰኘታቸው ነበር ወፉን የቀማቸው።

ሆኖም ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ የትኛው ወረቀት የት እንዳለ። በማግሥቱ እኔና ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ቃለ ጉባኤውን ልናስፈርም ዋና ኃላፊው ቢሮ ሳለን፣ ጋሼ የሠራተኞች መተዳደሪያ ደንብና አንድ ደብዳቤ ይዘው ገቡ። ደብዳቤው ላይ በማኅተም ቀለም የተነከረ የአራት ጣት እግር አርፎበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሥራ መልቀቂያ ነው ጌታዬ። የበቀቀኑ። ቋሚ ሠራተኛ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ መልቀቅ ይችላል ይላል ደንቡ።»

«ንብረት ሥራ አይለቅም!» አለች ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ከጎን።

«ንብረት አይደለም ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቃለ ጉባኤውን ገለጥኩና ጣቴን መስመሩ ላይ አሳረፍኩ። ዋና ኃላፊው ደጋግመው አነበቡት።

«ምን ቢጎድልበት ነው የሚለቀን?» አሉ፤ ከልባቸው አዝነው።

«ምክንያት ለመስጠት አይገደድም ይላል ደንቡ።»

ወሩ የሞላው ጋሼ ጡረታ በወጡበት ቀን ነው። በሽኝቱ ላይ ለበቀቀኑ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ወዲያው በላው። ለጋሼ የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። እሳቸውም የጠበቁ አይመስሉም፤ ጎጆውን አቅፈው፣ እንዳይቀሟቸው የፈሩ ይመስል፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ወጡ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «አያስተኛኝም» አሉኝ እየሳቁ፤ «ገና ሳይነጋ ደህና አደርክ፣ ደህና አደርክ ይለኛል። እኔም እመልስለታለሁ።» ኮታቸው ላይ አንዲትም ቁልፍ አልነበረችም።

መሥሪያ ቤቱ ግን ክፍት የሥራ መደብ ይዞ መቀመጥ አይወድም። ማስታወቂያ ወጣ፦ በስብሰባ ላይ በትጋት የሚቀመጥ፣ በየነጥቡ ራሱን የሚነቀንቅ፣ የራሱ ሐሳብ የሌለው። ስልሳ ሦስት ሰው ተመዘገበ፤ ሁላችንም ከውስጥ ነን። እኔም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልምዴ ተማምኜ ገባሁና ለመጨረሻው ዙር ከንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጋር ቀረሁ። ዋና ኃላፊው ሁለት ሰዓት ያህል ተናገሩን። ሁለታችንም ነቀነቅን። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ጥያቄ ያለው አለ?» አሉ።

እሷ ነቀነቀች።

እኔ፣ «የለኝም ጌታዬ» አልኩ። በዚያችው ወደቅሁ።