አንዴ ጠይቃ የምትተው ምራት

ምራቴ አስርባኛለች። የልጄ ሚስት፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ እንግሊዝኛ የምታስተምረው። ከስማዳ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመኪና ሄጄ ቤቷ ብገባ ባዶ ሆዴን ሸኘችኝ።

ክፉ ሆና እንዳይመስላችሁ። ሽሮው ይንተከተካል፣ ሽታው አፍንጫዬን ይዞ ይጎትተኛል። «እትዬ፣ ምሳ ይበላሉ?» አለችኝ። እኔም እንደ ሰው «ኧረ በልቻለሁ፣ አትድከሚ» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? «አዎ፣ ቶሎ አቅርቢ» ይባላል? እሷ «እሺ» ብላ ድስቱን ከደነችው። ከደነችው እኮ ነው የምላችሁ።

ልጄ ሥራ ላይ ነው። እሷ ተቀምጣ ደብተር ታርማለች። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር ካየሁ አላልፍም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ በጣሉት ደብተር ነው፣ እንግሊዝኛውንም እንዲሁ። ግድግዳው ላይ ለተማሪዎቿ ያዘጋጀችው ሰንጠረዥ ተለጥፏል። በአንድ ወገን የጨዋ ሰው ቃል፣ በሌላው ተቃራኒው። ፖላይት፣ ሩድ። ሪስፔክትፉል፣ ዲስሪስፔክትፉል። ረሃብ አእምሮ ይከፍታል መሰለኝ፣ ሁሉንም አነበብኩት።

«እንግዳን በግድ ብላ ማለት በየትኛው ወገን ነው?» አልኳት።

ቀና እንኳ ሳትል «ሩድ ነው፣ እትዬ። ሰው አልፈልግም ካለ ቃሉን ማክበር ነው ፖላይት» አለችኝ።

እንግሊዞቹ ዘመድ ቤት ሄደው እንዴት በሕይወት እንደሚመለሱ እግዜር ይወቅ። እኛ ጋ አንዴ ጠይቆ የተወ ሰው ምግቡን ሰስቷል ነው የሚባለው። ሰንጠረዡን ገልብጬ ብለጥፈው ደስ ባለኝ። መኪና ተራ ወርጄ ሁለት ዳቦ ቆሜ በላሁና አኩርፌ አገሬ ገባሁ።

ሰሞኑን ታዲያ ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ እኔው ቤት ድረስ መጣች። እናት የላትም። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ፈርታለች። «እትዬ፣ ስወልድ መጥተው ያርሱኛል?» አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ።

እኔ በልቤ ከሰው ሁሉ በፊት ልሄድላት ተነስቻለሁ። ግን እንዲህ በአንድ ቃል እሺ ይባላል? «ከብቱን ለማን ጥዬ? አይሆንልኝም» አልኩ። ወጉ ነዋ፤ እሷ ልትለምነኝ፣ እኔ ልግደረደር። እሷ እቴ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እሺ እትዬ፣ ውሳኔዎን አከብራለሁ» ብላ ጃንጥላዋን አነሳች።

በሩ ላይ ደረሰች። የልጅ ልጄ በፖላይትነት ሊያመልጠኝ ነው። ኩራቴን ዋጥኩና እንዲህ አልኳት፦

«ተመለሺና ቁጭ በይ። የገንፎሽን ዱቄት ካስፈጨሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። በይ ደግመሽ ለምኚኝ፤ ገና እምቢ ብዬ አልጨረስኩም።»