ሳቅ ያስታጠቃቸው መንግሥታት

እናንተዬ፣ አገር ለምን ኒውክሌር ቦምብ ይሠራል? መጽሐፉ መልስ አይቸግረውም፤ አንዱ ጎረቤቱን ፈርቶ፣ ሌላው በዓለም ፊት ደረቱን ሊነፋ፣ ሌላው ደግሞ የቤቱን ጩኸት በውጭ ጀግንነት ሊሸፍን ይለናል። እኔም ከደሴ መቀሌ መጥቼ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህንኑ ስደጋግም ኖሬያለሁ። ተማሪው ይጽፋል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። የባለፈው ማክሰኞ ግን የሚረሳ አይደለም!

ክፍሉን በስድስት ምናባዊ መንግሥታት ከፈልኩት። እያንዳንዱ ቡድን ቦምብ ይሥራ አይሥራ ለብቻው መክሮ ውሳኔውን በብጣሽ ወረቀት ይሰጠኛል። ጨዋታ ነው፤ ማርክ እንኳ የለውም። ግን ባያችኋቸው! ወንበር እየጎተቱ ይንሾካሾካሉ፣ አንገታቸውን አስግገው የጎረቤትን ፊት ያነባሉ። በዚህ መሀል በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው የጸጋይ ቡድን በሳቅ ፈነዳ። ሌሎቹ አምስቱ አፈጠጡባቸው። ወረቀቶቹን ስከፍት ስድስቱም «እንሠራለን» ይላሉ።

«ለምን?» አልኩ።

«እነጸጋይ ሲስቁ አልሰሙም?» አለች ከፊት የምትቀመጠው፣ ለተብርሃን የምትባለው የክፍሉ ዋና ተከራካሪ። «የደበቁት ነገር ባይኖር ይስቃሉ?»

«ዋእ!» አለ ጸጋይ። «የሳቅነው በመምህር ነው እኮ! ይህን ሁሉ ጢም ይዤ ጠዋት ‹ከመይ ሓዲርኪ› ብለውኛል! እናንተ ስታፈጡብን ነው እኛም የፈራነው።»

ለካ በትግርኛ ሰላም ያልኩት በሴት አንቀጽ ኖሯል። በእኔ ሰዋስው ስንት አገር ታጠቀ!

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ለተብርሃን ብድግ ብላ «በሉ እንተማመን፤ ሁላችንም እንተወው!» አለች። ተጨባበጡ፣ አጨበጨቡ። የእኔን ደስታማ አትጠይቁኝ፤ ዓለም ያቃታትን ነገር ከምሳ በፊት ልጨርሰው ነው! እንደገና ድምፅ ሰጡ። አምስቱ «እንተዋለን» አሉ። ስድስተኛው «እንሠራለን»።

«ማነው?» ጩኸት ሆነ።

«እኛ ነን» አለች ለተብርሃን።

«አንቺ? ‹እንተማመን› ያልሽው?»

«ስለው ከልቤ ነበር። ብዕሩን ስይዝ ግን…» ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እርስዎ በጦርነቱ ጊዜ እዚህ አልነበሩም። እኛ ቤት ‹አይደርስብንም› ሲባል ነው የከረመው። ደረሰብን። ዛሬም የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ። አምኜ ብሳሳት ለቡድኔ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

አሁን የሳቀ የለም። ጸጋይ ከቦታው ተነስቶ አጠገቧ ሄደና «አይዞሽ ሓፍተይ» አላት፤ እህቴ ማለቱ ነው። ሌሎቹም ተራ በተራ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ከልባቸው ተረዷት።

በሦስተኛው ዙር ስድስቱም ታጠቁ።