ሊቀ ኬብል ወራውተር ዱካሞ

ሦስት ሐበሻ በተከራየበት ቤት ሁሉ አንዱ የኮምፒውተር ሐኪም ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ከጆሃንስበርጉ ሰፈራችን ከሜይፌር እስከ ክሊፕታውን ግን ሲሻር አላየሁም። ሐኪሙን ማንም አይሾመውም፣ ማንም አይከፍለውም፣ የት እንደተማረም አይታወቅም። ብቻ አንድ ቀን የሆነ ሰው ስልክ አልከፈትም ይላል፤ እሱ ይቀበልና አጥፍቶ ያበራዋል፤ ስልኩ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ በሕንጻው ውስጥ ያለ ሽቦ ሁሉ የእሱ ነው።

የሜይፌሩ ሕንጻችን ሐኪም ሊቀ ኬብል ወራውተር ዱካሞ ነው። ዱካሞ ያሉት አባቱ ናቸው፤ ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሆሳዕና አካባቢ ተወልዶ ጆሃንስበርግ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሥራው ክሊፕታውን ገበያ ላይ ብርድ ልብስና መጋረጃ መሸጥ ነበር። ኮሮና መጥቶ ገበያው ሲዘጋ ብርድ ልብሱን አልጋው ሥር ከመረና ሙሉ ጊዜውን ለእኛ ሰጠ። እኛም በሽታውን በቻልንበት ትከሻ ይህንንም ቻልነው።

ዱካሞ አንድ ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ማን ነካው?»

በእሱ ሳይንስ ማሽን በራሱ አይበላሽም። የሆነ ሰው የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ነክቷል። «እኔ እንጃ፣ ብቻውን ነው የጠፋው» ብትለው ከማስኩ በላይ በቀሩት ሁለት ዓይኖቹ እንደ መርማሪ ፖሊስ አተኩሮ ያይሃል። ዝም ብሎ ይጠብቅሃል። በመጨረሻ ያልነካኸውንም ነክቻለሁ ብለህ ታምናለህ፤ እሱም ይቅር ብሎህ ሥራውን ይጀምራል።

ምክሩ ደግሞ አያልቅም። ራውተር ፍሪጅ ላይ አይቀመጥም። ገመድ ምንጣፍ ሥር አይቀበርም። የይለፍ ቃል የልጅ ስም አይሆንም፤ የግድ ከሆነም የጎረቤት ልጅ ስም ይሁን። እዚህ ከተማ መብራት በፈረቃ ስለሚጠፋ፣ ሊጠፋ ሲል ሶኬቱ ይነቀላል፤ ሲመለስም ወዲያው አይሰካም፣ የመብራቱ ቁጣ እስኪበርድ ይጠበቃል። «ፎቶህ ስልክህ ላይ ብቻ ነው ያለው?» ይልሃል ደረጃ ላይ አስቁሞ። አዎ ትለዋለህ። «እንግዲያውስ ፎቶ የለህም» ብሎህ ያልፋል።

ለዚህ ሲል ደረጃው ሥር ባለችው የመጥረጊያ ማስቀመጫ ውስጥ «ሰርቨር ሩም» አቋቁሟል። መጥረጊያዎቹ ተባረው በረንዳ ላይ ቀሩ። ሰርቨሩ ክዳን የሌለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ፊት ለፊቱ ቀን ከሌት የሚሽከረከር ቬንትሌተር ተተክሎለታል። ከራሱ ክፍል ያነሳው ነው፤ ዱካሞ በበጋ ያልበዋል፣ ሰርቨሩ ግን ንፋስ ይቀበላል። የሁላችንም ፎቶና የወረቀታችን ቅጂ እዚያ ውስጥ አለ። ከጎኑ ለሕንጻው በሙሉ ኢንተርኔት የሚያድለው ራውተር ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ በዱካሞ አንገት ላይ ነው።

እስቅበት ነበር፤ የአየነው ሱቅ እስኪዘረፍ ድረስ። አየነው ዲፕስሉት በሚባለው ሰፈር ሱቅ የነበረው ጎረቤታችን ነው። አንድ ቀን መደርደሪያውን ባዶ አድርገው፣ ስልኩንና ወረቀቶቹ ያሉበትን ቦርሳ ጭምር ይዘውበት ሄዱ። ጥላው ተገፎ መጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ዱካሞ አይዞህ እንኳ አላለውም፤ ወደ ሰርቨር ሩም ገባ። ሲወጣ የአየነውን ፓስፖርት፣ ፈቃዱን፣ የሠርጉን ፎቶ ሳይቀር አትሞ ጭኑ ላይ ደረደረለት። አየነው ወረቀቶቹን በእጁ እየዳበሰ አለቀሰ። አሁን ያችን በር ሲያልፍ ኮፍያውን ያወልቃል።

በሌላ በኩል ደግሞ እትዬ የሻሽወርቅን ጠይቁ። ከእኔ ክፍል በላይ ነው የሚኖሩት። ዱካሞ የኮምፒውተራቸውን ኪቦርድ ከኮሮና ሊያጸዳላቸው ብሎ ሳኒታይዘር ስላፈሰሰበት፣ አንዷን ፊደል ሲነኩ ሦስት ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች። የሌላዋ ተከራይ የሸፊቃ ፕሪንተርም ከእሱ እጅ ከወጣ ወዲህ የሚያትመው የጎረቤት ወረቀት ነው። ሸፊቃ የእትዬ የሻሽወርቅን ልጅ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ሁሉ አንብባ ጨርሳለች፤ ትንሽ ከበዳት እንጂ ወዳዋለች።

እኔ በተፈጥሮዬ ነገር አጣርቶ ማወቅ የምወድ ሰው ነኝ። ለሰው ወረቀት እየተረጎምኩ ቤት የምውል ስለሆንኩ ጊዜም ነበረኝ። ይህ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አመጣው? ለምንስ ይደክማል? እያልኩ እንደ ጭራ እከተለው ነበር። የት ተማርከው ስለው፣ አንድ ጊዜ ሬዲዮ ከሚጠግን አጎቱ፣ ሌላ ጊዜ ከአንድ ቻይናዊ ደንበኛው እንደሆነ ነገረኝ። በመጨረሻ ሰልችቼው መሰለኝ፣ «ስትነካካው ራሱ ይነግርሃል» አለኝ። ይህኛው እውነት ይመስለኛል።

እንግዲህ በሁለተኛው የኮሮና ዓመት፣ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በሰኔ፣ ኢንተርኔታችን አንድ አመል አመጣ። በየቀኑ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል።

ለሌሎቻችን መበሳጫ ነበር፤ ለሊና ግን የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ሊና የእትዬ የሻሽወርቅ ልጅ ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ በነጻ የትምህርት ዕድል ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ ግቢው ስለተዘጋ ከእናቷ አልጋ ጎን ባለች ጠረጴዛ ላይ የምትማር ልጅ። ፈተናው በካሜራ እየታየ ነው የሚሰጠው፤ መስመር ሲቋረጥ ፈተናው ይዘጋል፣ ተመልሶም አይከፈትም። አንዱ እንዲህ ተዘግቶባት ዜሮ ተሰጥቷታል። የዓመቱ አጋማሽ ትልቅ ፈተና የሚቀጥለው ሰኞ ነበር። እሱም ከተዘጋ ዕድሉ ይቀራል፤ እናቷ ደግሞ የሚከፍሉበት አቅም የላቸውም። በስልክ ዳታ እንዳትሞክረው፣ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ የስልክ ማማ አብሮ ያሸልባል።

ሊቀ ኬብል ምርመራ ጀመሩ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ማይክሮዌቭ ነው፤ ሕንጻው በሙሉ ቁርሱን ቀዝቃዛ በላ። ቀጥሎ እርግቦች ተጠረጠሩ። ከዚያ ፀሐይ በዚያ ሰዓት ኬብሉ ላይ ስለምታርፍ ነው ተባለና ኬብሉ የሕፃን ብርድ ልብስ ለበሰ። በመጨረሻ ጥፋቱ የኢንተርኔት ካምፓኒው እንደሆነ ተበየነ። በየቀኑ ይደውልላቸዋል። «ሳውቦና ሲሲ፣ የሕንጻው ኔትወርክ አድሚን ነኝ» ብሎ በዙሉ ሰላምታ ይጀምርና ሥራቸውን እንዴት መሥራት እንዳለባቸው በሰፊው ያስረዳቸዋል። እኛም አመንን። እትዬ የሻሽወርቅ ካምፓኒውን በጸሎታቸው መካከል ሳይቀር ያነሱት ነበር።

መስመሩ በጠፋ ቁጥር በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ አድርጎ እየሮጠ ይወርዳል፤ ገመዱን ሁሉ ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ እፍ ብሎ መልሶ ይሰካል። ይህ እስከ ምሳ ይወስዳል። አንድ ቀን ቀድሜው ደረስኩና በበሩ ቀዳዳ ሳይ፣ የራውተሩ መብራቶች በራሳቸው ተመልሰው ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ዱካሞ ደረሰና ነቀላቸው። «በርቶ ነበር እኮ» አልኩት። በሐዘኔታ አየኝና፣ «ላይ ላዩን ነው የበራው» አለኝ።

ዓርብ ዕለት ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የኬብል ጫፍ ሲያስር ሊና ከላይ ወረደች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንክል ዱካሞ፣ ኤግዛሙ እኮ መንደይ ነው። ናይን ሻርፕ ይጀምራል። ኔትወርኩ ደግሞ ኤቭሪ ዴይ ናይን ላይ ነው የሚሄደው። ዋት አም አይ ሰፖዝድ ቱ ዱ?»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው አልሽ?»

«ናይን።»

ዱካሞ ኬብሉን መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ሰርቨር ሩም ገባ። ተከተልኩት። በስልኩ የራውተሩን ማዘዣ ገጽ ከፍቶ ቆሟል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከአንድ ወር በፊት ዱካሞ ራውተርም እንደ ሰው በቀን አንዴ ማረፍ አለበት ብሎ ነግሮን ነበር። ልክ ነው፤ እንዲያርፍ ታዝዞ በራሱ ጠፍቶ እንዲበራ ማድረግ ደግ ነገር ነው። ማንም የማይነሳበትን ሰዓት መረጠለት፤ ሌሊት ዘጠኝ። ዘጠኝ ብሎም ጻፈለት። ራውተሩ ሆሳዕናን አያውቃት፣ የፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት መሰለው። በጠራራው ጠዋት፣ ሁላችንም ሦስት ሰዓት ስንል፣ ትእዛዙን አክብሮ ያርፋል። ዱካሞ ከደንበኞቹ ጋር ቀኑን በእንግሊዝኛ ሲቆጥር ኖሯል፤ ሌሊቱን ግን ማንም በፈረንጅ አላስቆጠረውም፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ሸጦ አያውቅማ።

አንድ ጥያቄ አፌ ላይ መጣ። የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እንደምንም ዋጥኩት።

«እኔ ነኝ የነካሁት» አለ ራሱ።

ዘጠኙን ሦስት አደረገው። በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር፤ ካምፓኒው ጥፋቱን ተሸክሞ ነበርና ጉዳዩ እዚያው ቢቀበር ማን ያውቃል? እሱ ግን ክፍሉ ገባ፣ ንጹሕ ማስክና ጃኬት አደረገ፣ በየበሩ እየዞረ ተናዘዘ። ያመነው የለም። «ተው ዱካሞ» አሉት እትዬ የሻሽወርቅ በበሩ ስንጥቅ፣ «አንተ ጨዋ ስለሆንክ ነው። የሰው ጥፋት አትሸከም።» ሸፊቃ ደግሞ ካምፓኒው አስፈራርቶህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ያን ያህል አሳምኖን ኖሯል።

ያመነችው ሊና ብቻ ነበረች። አልተቆጣችም። «ኢትስ ኦኬ አንክል። ግን መንደይ፣ ፕሊስ፣ ምንም እንዳትነካ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

እሑድ ለመብራቱ ፈረቃ ሲባል ራውተሩን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘው፤ ይህ በእሷ ፈቃድ ነው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእኔ በር ተንኳኳ። ዱካሞ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«እስክትጨርስ ያዝልኝ። ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።»

መስኮቱን ከፈትኩና በሁለት ወንበር ተራርቀን ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት ሆነ። መስመሩ አልጠፋም። ደስ ይለዋል ስል ባሰበት። ጆሮው ወደ ጣሪያው ቆመ። ከላይ የሊና ወንበር ሲጥጥ ሲል ከመቀመጫው ተነሳ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። «ዘገም ያለ ይመስለኛል» ይላል። ከምኑ አወቅኸው ስለው፣ «ይሰማኛል» ይላል። የመብራቱን ማብሪያ ማጥፊያ ፈተሸ፣ የማንቆርቆሪያዬን ሶኬት አገላበጠ፣ ሰዓቴን ከግድግዳ አወረደ። ከዚያ የሚነካ ነገር አለቀ።

«ቁልፉን ስጠኝ። ላየው ብቻ ነው።»

«አይሆንም።»

«እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ አየዋለሁ።»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እጆቹን አየኋቸው፤ ጉልበቱ ላይ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል። ለምን ይደክማል እያልኩ ያን ሁሉ ጊዜ የተከተልኩት ሰው መልሱ ፊቴ ተቀምጧል፦ ገበያው ተዘግቶ፣ ዘመድ አገር ቤት ቀርቶ፣ ይህ ሰው እኛን የሚወድበት ሌላ መንገድ የለውም። የሚወደን በእጁ ነው። ዛሬ ደግሞ እጅህን ሰብስብ ተብሏል። አሳዘነኝ፤ አንጀቴን በላው።

አልጋዬ ሥር ገባሁና ላፕቶፔን አወጣሁ። እንጀራዬ ናት። ኮሮና ከገባ ጀምሮ ከዱካሞ ደብቄ የያዝኳት፣ እንደ አዲስ የምትሠራ፣ አንዳች ጉድለት የሌለባት ላፕቶፕ።

«ይህቺ ነገር» አልኩት፣ «ሰሞኑን ትንሽ ትንቀራፈፋለች።»

ፊቱ በራ። «ማን ነካት?» አለና ወንበሩን አስጠጋ። ብሎኖቿ አንድ በአንድ ሲወጡ አየሁ። ከላይ ምንም ድምፅ አልነበረም፣ እሱም ጣሪያውን ረስቶታል።

ስድስት ሰዓት ላይ ሊና ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። «ዳን፣ ጨረስኩ» አለች። «አንዴም አልተቋረጠም።» ዱካሞ የላፕቶፔን ሆድ ዕቃ ጭኑ ላይ እንደታቀፈ ቀና አለና፣ «አልነካሁም» አላት። እሷም «አውቃለሁ» አለችው። በክረምቱ ማብቂያ ውጤቷ መጣ፤ ዕድሉ አልተቋረጠባትም።

ላፕቶፔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፅ የላትም፤ ስትከፈትም በማላውቀው ቋንቋ ታናግረኛለች። ባለፈው ከተማ መሀል ያለ ባለሙያ ጋ ልወስዳት በብብቴ ይዤ ስወጣ፣ ደረጃው ላይ ከዱካሞ ጋር ተገጣጠምን። ወዴት ነህ አለኝ። ዳቦ ልገዛ አልኩት። ላፕቶፔን እንደታቀፍኩ ሄጄ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ።