ዜና አባ መዝን፣ ግራፊክስ ካርዶችን እንደ መዘኑ

ሳሎኑ ቀለም ተቀብቶ የኮምፒዩተሩ ጠረጴዛ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ በፈለሰ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ አባ መዝን፣ መርማሬ ዝርዝር፣ ፈታሔ ብሎን፣ ዐቃቤ ካቻቪቴ፣ አርባ የኢንተርኔት ገጽ በአንድ ጊዜ ከፍተው አንዱንም በማይዘጉት ጌታ ዘመን የሆነውን ታላቅ ነገር እንጽፋለን፤ ጸሐፊውም ያየውን እንጂ የሰማውን አልጨመረም፣ ትንሽ ካልሆነ በቀር።

አባ መዝን በሥራ ቀን ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ፣ በዕረፍት ቀን ግን የኮምፒዩተርን ምስል የሚሥለውን ግራፊክስ ካርድ ከግራፊክስ ካርድ የሚያነጻጽሩ ሰው ነበሩ። የዚህን ሜሞሪ፣ የዚያን ፍጥነት፣ የአንዱን ሙቀት፣ የሌላውን የመብራት ፍጆታ እንደ ገዛ ስማቸው ያውቁት ነበር፤ ሲመዝኑ ሲመዝኑም ሦስት ዓመት አለፈ፣ አንድም ካርድ አልገዙም፤ ለመግዛት በተነሡ ቁጥር አዲስ ይወጣ ነበርና።

ባለቤታቸው፣ እመቤት ዘንድፍ፣ ቤት የሚነድፉ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ከድርጅት ወጥተው በገዛ ስማቸው የመጀመሪያውን ቤት ለአንድ የጥርስ ሐኪም ነድፈው ነበር፤ የቤቱም ክብር ከመሬት እስከ ሰገነት የሚጠማዘዝ የመስታወት ደረጃ ነበር። ሐኪሙም ቤቱን በኮምፒዩተር ዞሮ አይቶ ሊወስን ለቅዳሜ አሥር ሰዓት ቀጠሮ ያዘ። ኮምፒዩተሩ ግን ጠረጴዛው ከፈለሰ ወዲህ መንፈሱ ደክሞ፣ ደረጃው ላይ በደረሰ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ይቆም ነበር። ሐኪሙ ይህን አይቶ ከሄደ ሥራው ሄደ ማለት ነው፤ እመቤቲቱም ምግብ አልቀምስ ብለው ነበር።

ያን ጊዜ እመቤቲቱ በማድ ቤቱ በር ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሙኝ! ያልሰማም ካለ ተጠርቶ ይነገረው! ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በፊት ካርድ ይመረጥ። በንጽጽር ስም አንድ ቀን ከተጨመረ፣ ለካርዱ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለመስኮቱ መጋረጃ ይውላል፤ ፀሐዩ ዓይኔን አጠፋው!»

ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ አባ መዝን ክተት አሉ። ያልተመረጠው በዚያው ዕለት ሊመለስ ከባለ ሱቁ ተስማምተው ሁለት ካርዶች አስመጡ፤ አንደኛው ግዙፉ፣ ባለ ሦስት ፋን፣ ሜሞሪው ሰፊ፣ ርዝመቱ ክንድ የሚያህል፤ ሁለተኛው ፈጣኑ፣ ሜሞሪው ጠበብ ያለ፣ ፍጥነቱ ግን የተመሰከረለት፣ መብራት የማይፈጅ። የድሮውንም ካርድ ሽማግሌው ብለው ሰይመው፣ ከኮምፒዩተሩ ኬዝ ነቅለው በካልሲ ሣጥን ጣሉት። ሠራዊታቸውም ይህ ነበር፦ በቀኝ የሚስታቸው ወንድም፣ ጠቅላይ ተሸካሚ ዘካርቶን፣ ከተሸከመ በኋላ ሥራው አይዞህ ማለት ብቻ የሆነ፤ በግራ አማታቸው፣ እመ ባትሪ፣ ወደ ታዘዙበት ሳይሆን ወደ ወደዱበት የሚያበሩ።

መጀመሪያ ግዙፉ ተሰካ፤ ደረጃውም ላይ ሲደርሱ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያልፍ ታየ፣ አሥራ አንድ ሆነ። አባ መዝንም ገና አልሞቀም ብለው በልባቸው፣ ፈጣኑን ሰኩ፤ አሥራ አንድ ሆነ። ልዩነቱ ይታይ፣ ሽማግሌውም ይዋረድ ብለው እሱን ከካልሲ ሣጥን አውጥተው ሰኩት፤ እሱም ምን ቢል ጥሩ ነው፣ አሥራ አንድ! የሚስታቸው ወንድም አይዞህ ማለቱን ትቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

ሰዓቱም ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ነበርና አባ መዝን ጨንቋቸው አወጁ፦ «ካርዶቹ ተመዝነዋል፤ ጥፋቱ የደረጃው ነው። ደረጃው ከንድፉ ይነሣ!»

እመቤቲቱም መለሱ፦ «ደረጃዬን ሊነካ ያሰበ እጁን ይሰብስብ! ሐኪሙ የሚመጣው ለደረጃው ነው!»

በዚህ ድንጋጤ የሽማግሌው ብሎን ከአባ መዝን እጅ አምልጦ፣ ተንከባልሎ ከጠረጴዛው ኋላ ገባ፤ እሳቸውም በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በአማታቸው ባትሪ እየተመሩ፣ የአቧራን አገር አቋርጠው ከኬዙ ጀርባ ደረሱ። ብሎኑን አገኙ፤ ቀና ሲሉ ግን ሌላ ነገር አዩ። የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው ካርዱ ላይ አልነበረም፤ ከላይ፣ ከራሱ ከማዘርቦርዱ፣ ከኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ቀዳዳ ነበር። ምስሉን ሁሉ ሲሥል የኖረው ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣው ደካማው ግራፊክስ ነበርና፣ ግዙፉም ፈጣኑም ሽማግሌውም ሥራ ሳይሰጣቸው በባዶ ሜዳ ፋናቸውን ሲያዞሩ ነበር። ጠረጴዛው በፈለሰ ቀን ኬብሉን የሰካው እጅ የማን እንደ ነበር አባ መዝን አሳምረው ያውቁታል።

ታላቁ ጦርነት ያኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆነ። አንዱ ሐሳብ፣ ዝም ብለህ ኬብሉን አዛውር፣ ግዙፉን መልሰህ ስካ፣ ድሉም የሱ ይባል፣ እሱም ያንተ ይሁን፣ ማን ያይሃል አላቸው፤ ግዙፉንም እንዴት እንደ ወደዱት! ነገር ግን በጠረጴዛው ጠርዝ አሻግረው ባለቤታቸውን አዩ። እመቤቲቱ በአንድ እጃቸው ፀሐዩን ከሞኒተሩ እየከለሉ፣ በሌላው ማውሱን ጨብጠው፣ ደረጃው ሲንቀጠቀጥ ሐኪሙ ከሚያየው ይቅር ብለው፣ እንባቸው እየመጣ ሊሰርዙት ነበርና። አባ መዝንም አላስቻላቸውም፤ ተንበርክከው እንዳሉ አወጁ፦

«ደረጃው አይነካ! ካርዶቹም ምንም አላጠፉም! ኬብሉን ያለ ቦታው ሰክቼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌውን ስሰድብ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ራሴ!»

ኬብሉንም ነቅለው ከሽማግሌው ላይ ሰኩ፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ በተነሣ ጊዜ ምስሉ ሰባ ደረሰ፣ ደረጃውም አንዳች ሳይንቀጠቀጥ ተጠማዝዞ እስከ ሰገነቱ ወጣ። አማታቸው እሰይ ልጄ ብለው ባትሪውን ፊታቸው ላይ አበሩባቸው። ሐኪሙ በአሥር ሰዓት መጣ፤ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ሦስተኛም ልድገም አለ፤ በመጨረሻም የመሠረቱ ቁፋሮ ይጀመር ሲል አወጀ።

እመቤቲቱም ከአባ መዝን ትከሻ ላይ አቧራውን እያራገፉ፣ የዕለቱን የመጨረሻ አዋጅ ተናገሩ፦ «ግዙፉና ፈጣኑ በክብር ወደ ሱቃቸው ይመለሱ። ሽማግሌው በሹመቱ ይጽና። ገንዘቡ የመጋረጃ ነው፤ መጋረጃውንም የምመርጠው እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ባሌ ሱቁ በር ላይ ይጠብቀኝ!»

እነሆ አባ መዝን፣ ሁለት ኃያላንን ሳይከፈልባቸው ማርከው ሳይጎዱ የሰደዱ፣ የተጣለውን ሽማግሌ ከካልሲ መካከል ያነሡ፣ በጉልበታቸው ሳሉ ከቆሙት ሁሉ የረዘሙ! መጋረጃውም ሰኞ በሩብ ሰዓት ተመርጦ ተገዛ፤ እሳቸው በሱቁ በር ቆመው የጨርቆቹን ውፍረት በልባቸው እየመዘኑ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ጠበቁ፤ ከድሎቻቸውም ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።