ኮሚሽነር ሰኪና ልጃቸውን ሲድሩ

በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ ማንም ያልሾመው አንድ ሹም አለ። ደመወዝ የለውም፤ ወንበር የለውም፤ ሻሪም የለውም። ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል፤ ያው ሰው ከሩቅ ሲያየው ግን መንገድ ይቀይራል። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም በማይሆንበት አገር፣ ይህ ሹም ቦዩን፣ ጎዳናውንና የወንዙን ዳር እንደ ጓዳው ይቆጥራል፤ እኛም ሳናስፈቅድ ጓዳው የገባን እንግዶች እንሆናለን። ከአፌ ምስጋና በቀላሉ አይወጣም፤ የማይገባውን ከሚያመሰግን ዝም የሚል ይሻላል ብዬ አምናለሁና። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ውዳሴ እንዳይመስል አንባቢ ይጠንቀቅ።

የጎንደሯ ሹም እትዬ ሰኪና ይባላሉ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ቤት ልጅ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላም የፒያሳውን ሱቅ ብቻቸውን ይዘዋል። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ በከተማው የጽዳትና የቆሻሻ ቅነሳ የበጎ ፈቃድ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ ከሰፈራችን የተመረጥነው ጥቂቶች ነበርን። ሊቀ መንበሩ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር አቶ ወልደኢየሱስ ናቸው፤ ስብሰባውን በጸሎት ከፍተው በእንቅልፍ ይዘጋሉ። እኔ ከዩኒቨርሲቲው ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠራሁ። እትዬ ሰኪናን የጠራቸው ሰው አላስታውስም። ቀድመው ተቀምጠው አገኘናቸው።

የኮሚሽኑ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ፌስታል እንዲቀንስ፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ከደረቁ ቆሻሻ ተለይቶ ለችግኝ ጣቢያው ብስባሽ እንዲሆን፣ በየክረምቱ እየተደፈነ የወይዘሮ ይርገዱን ወፍጮ ቤት በጎርፍ የሚሞላው ቦይም እንዲጸዳ ማድረግ ነው። ሌሎቻችን ይህን በውሳኔ ልናስፈጽም አሰብን። ክብርት ኮሚሽነር ግን ወደ ቅዳሜ ገበያ መግቢያ ወርደው ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው «ዘንቢልህሳ?» ሆነ። እንደምን አደርህ፣ ልጆች ደኅና ናቸው ወይ የሚባል ነገር ቀረ። ዘንቢል የያዘ ያልፋል፤ ያልያዘ የአያቱን ዘንቢል የት እንዳደረሰ መልስ ይሰጣል። አንድ ደላላ «ሴትዮ፣ ባል ቢኖርሽ ቦይ ባልጠበቅሽ» ብሎ ሊያሳፍራቸው ቢሞክር፣ «ቦዩ አፍ የለውም፤ እኔ ግን አለኝ» ብለው ፌስታሉን ከእጁ ተቀበሉት።

እኔንም አልማሩኝም። ከተማሪዎቼ ጋር በፒያሳ ሳልፍ አስቆሙኝና በጥቁር ፌስታል የያዝሁትን ሙዝ አንድ በአንድ እያወጡ በኮቴ ኪሶች ከተቱልኝ። «መምህር፣ ልብስ ሰፊው ይኼን ሁሉ ኪስ ያበጀልህ ለጌጥ መሰለህ?» አሉኝ። ያን ቀን ያስተማርሁት ትምህርት ከማንም ተማሪ ልብ ውስጥ አልገባም።

ልቅሶ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ጓሮውን ይዞራሉ፤ ከዚያ ያጽናናሉ። አንድ ሐዘንተኛ ወንድሙ መሞቱን ቢያስታውሳቸው፣ «ነፍስ ይማር፤ የሳህኑን እጣቢ ግን ወደ ቦዩ አትልቀቁት» አሉት። ይህን በጎ አላልሁትም፤ ዛሬም አልልም። እውነት ያለ ሰዓቱ ሲነገር ከውሸት የሚሻለው በጥቂት ነው።

ሆኖም ቦዩ ጠራ። ወይዘሮ ይርገዱም ክረምቱን እህላቸውን ወደ ቆጥ ሳያወጡ ከረሙ። እትዬ ሰኪና በዚህ ደፍረው ወደ ትልቁ ጠላት ዞሩ፤ እርሱም ሕዝቡ በጅምላ «ሃይላንድ» የሚለው የፕላስቲክ ውኃ ነው። አንድ ሠርግ ሲያልፍ ጠርሙሱ ቦዩን እስከ አፉ ይሞላዋል። ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት የሰፈራችን እድር ከብዙ ክርክር በኋላ ደንብ አወጣ፤ በድግስም በልቅሶም ውኃ በእድሩ ኩባያ እንጂ በፕላስቲክ አይቀርብም። ደንቡ መጀመሪያ ያረፈው በሊቀ መንበሩ ልጅ ሠርግ ላይ ነበር። የገዙት ውኃ ወደ ሱቅ ተመለሰ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልም «የራሷ ቀን ሲደርስ እናያለን» ብለው እትዬ ሰኪናን ክረምቱን ሙሉ አላነጋገሩም።

ቀኑ ደረሰ። የእትዬ ሰኪና አንድ ልጅ ኢልሃም ለአንድ የሁመራ ሰሊጥ ነጋዴ ልጅ ታጨች። በሠርጉ ዋዜማ የሙሽራው ወገኖች መጡ፤ ከኋላቸው አንድ አይሱዙ ተከተለ። ሸራው ሲገለጥ ከዳር እስከ ዳር የፕላስቲክ ውኃ ነበር።

የሙሽራው አጎት ሐጂ ጃቢር ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። «እኛ ቆላ አገር እንግዳ የሚከበረው በውኃ ነው፣ እትዬ ሰኪና» አሉ። «ለሙሽራችን ክብር ይሁን ብለን ነው።» እትዬ ሰኪና «አላህ ይስጥልን» አሉ። በኛ አገር የአማች ስጦታ መመለስ ሙሽራውን ከደጅ ከመመለስ አይለይም። ውኃው በዳሱ ጥግ እንደ ግንብ ተደረደረ። የሰፈሩ ሰው ቸኩሎ የሚሄድበት ሁሉ ጠፍቶት ቆሞ ያይ ጀመር፤ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልም ማንም ሳይጠራቸው ሽንኩርት ሊከትፉ መጡ።

እኔ በጓዳው መስኮት ሥር የዳሱን ገመድ ይዤ ነበር። የኢልሃም ድምፅ ተሰማ። እናቷ የሰዎቹን ፊት ካጠቆሩ እርሷ ነገ የምትገባው እዚያው ቤት እንደሆነ፣ ዕድሜ ልኳን «የዚያች ሴትዮ ልጅ» እንደምትባል ተናገረች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እማ፣ ላንድ ቀን እናቴ ሁኝልኝ። ኮሚሽን የሚሆን ሌላ ሰው አይጠፋም።»

 

«እናትሽማ ነኝ» አሉ እትዬ ሰኪና። «እናትሽ ባልሆንማ ምን ያስጨንቀኝ ነበር?»

ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ከጎረቤት ያለው እንስራ ሁሉ ታጥቦ እንዲመጣ አዘዙ። ሴቶቹ ጠርሙሱን እየከፈቱ ውኃውን ወደ እንስራው ገለበጡ፤ እንስራው በጥላ ሥር አደረ። በማግስቱ ኒካሑ ታስሮ እንግዳው ሲቀመጥ ውኃው በእድሩ ኩባያ ቀረበ። አስተናጋጆቹም በታዘዙት መሠረት ኩባያውን ባቀበሉ ቁጥር «የሐጂ ጃቢር ውኃ ነው» ይሉ ነበር። በእስላም ሠርግ ለክርስቲያን ጎረቤት ዳሱም ሥጋውም ለብቻው ነው፤ ውኃው ግን ለሁለቱም አንድ ነበርና በሁለቱም ዳስ የሐጂ ጃቢር ስም ሲጠራ ዋለ። ሽማግሌው መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ኋላ ግን ሰው በጠጣ ቁጥር እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ እጅ ይነሡ ጀመር። በጠርሙስ ቢታደል ኖሮ የማን እንደሆነ ማን ይጠይቅ ነበር?

ባዶው ጠርሙስ ቀረ። እዚህ ላይ እትዬ ሰኪና የገዛ አገራቸውን ወግ ይዘው ተነሡ፤ ስጦታ የመጣበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ የወገራ ገብስ ከሽንብራ ጋር ሲቆላ ዋለ። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል እንኳ ሽንኩርታቸውን ትተው ከምጣዱ አጠገብ ተቀመጡ፤ ኩርፊያቸው ግን እንዳልበረደ ለማሳወቅ ይመስላል፣ ገብሱ አልበሰለም እያሉ በየመሐሉ ይነቅፉ ነበር። ጠርሙሱ ሁሉ ቆሎ ተሞላ፤ ክዳኑም ተዘጋ።

እኔ፣ ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሰው፣ ቆሻሻውን ከጎንደር ወደ ሁመራ አዛወሩት እንጂ አልቀነሱትም አልኋቸው እትዬ ሰኪናን።

«ሰው የሚጥለው ባዶውን ነው፣ መምህር» አሉኝ። «ሙሉ ዕቃ ሲጣል አይተሃል?»

«ቆሎው ሲያልቅስ?» ብዬ ብጠይቅ «ለዚያ፣ ሁመራም ኮሚሽን ያቋቁም» ብለው አለፉኝ። አላሳመኑኝም። ነገሩ በቃለ ጉባኤ ቢያዝ ተቃውሞዬን አስመዘግብ ነበር።

ሙሽሮቹ የሚሄዱበት ሰዓት ሲደርስ ጠርሙሶቹ በዘንቢል ሆነው ወጡ። ሐጂ ጃቢር የመጀመሪያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ የደጋ ገብስ መሆኑን ሲሰሙም ለራሳቸው ሌላ ጨመሩ። የቀረውን ማን ያድል ሲባል ኢልሃም ከነሙሽራ ልብሷ ከመኪናው ወረደች። ዘንቢሉን ከእናቷ እጅ ወሰደችና የባሏን ዘመዶች አንድ በአንድ እየዞረች ሰጠች፤ ላንዳንዱም «እናቴ ናት የቆላችው» ትል ነበር። እናቷ ይህን ሰምተዋል። እኔም ሰምቻለሁ።

መኪናው ወደ አዘዞ ሲያዘቀዝቅ ክብርት ኮሚሽነር መንገዱ መሐል ቆመው አለቀሱ። ዓይናቸውን ያበሱበት ሶፍት ከእጃቸው ወደቀ፤ ነፋሱም እያንከባለለ ወደ ቦዩ ወሰደው። እርሳቸው አላዩም፤ መኪናውን እያዩ ነበር። ሮጬ ከቦዩ ጠርዝ ላይ ያዝሁት፤ ኪሴ ውስጥም ከተትሁት። ለኮሚሽኑ አላመለከትሁም።