አፈር ስሆን፣ ይቺን ጠጠር!

ከአማርኛ ቃላት ሁሉ እንደ «በቃኝ» ሥራ ፈት ቃል የለም! የሚናገረው ከልቡ አይለውም፣ የሚሰማው አያምነውም። እንግዳ «በቃኝ» ካለ ገና ሊጀምር ነው እንላለን። «ወላሂ በቃኝ» ካለ ሰሃኑን ቀምተን እንሞላለን። «ኧረ ሆዴ ሊፈነዳ ነው!» ካለማ... ያኔ ነው ወጡ የሚጨመርለት።

ባለፈው እሑድ ይኸው ቃል የታናሽ ወንድሜን ትዳር ገደል አፋፍ አድርሶት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ኑሩ ሀያት የምትባል ልጅ ወዷል። መውደዱስ ባልከፋ፤ አባቷ ጋሽ ይማም መሆናቸው ነው ጭንቁ! ጋሽ ይማም እዚህ ሰው አገር፣ ሚነርቫ ፓርክ የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተው ሣሩን ራሳቸው የሚያጭዱ፣ ቁም ነገረኛ፣ ፊታቸው በቀላሉ የማይፈታ ሰው ናቸው። «ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ቤተሰቡን ልየው» ብለው ሊንደን ሰፈር ያለው አፓርታማችን ድረስ መጡ። ኑሩ ከሚሠራበት ዌርሃውስ ኦፍ ወስዶ፣ በዚህ ሙቀት ሱፍ ለብሶ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቃቸው። ሚስቴ ሰዓዳ ደግሞ የደሴ ልጅ ናት። እንግዳ ይመጣል ከተባለ እሷን ከምድጃው የሚያላቅቅ ኃይል የለም።

ምሳ ተበላ። ከዚያ ወሬ አለቀ። ስለ አየሩ አወራን። ስለ ክሊቭላንድ አቬኑ መንገድ መዘጋጋት አወራን። ተመልሰን ስለ አየሩ አወራን። ኑሩ እንደሆነ ጉሮሮውን ደጋግሞ ይጠርጋል። ይሄኔ የስምንት ዓመቷ ልጄ ሚና የልደት ስጦታዋን ታቅፋ ከች!

«ካን ዊ ፕሌይ?» አለቻቸው ጋሽ ይማምን።

ጨዋታው ንጉሥ የለው፣ ፈረስ የለው፣ ቀለም ብቻ ነው። ብስኩት የሚያካክሉ የእንጨት ጠጠሮች ለየሰዉ ይታደላሉ፤ የእያንዳንዷ ጎን ቀለም አለው። ተራህ ሲደርስ አንዷን ጠጠር ሰሌዳው ላይ ቀለም ከቀለም አግጥመህ ታስቀምጣለህ። የሚገጥም ካጣህ ከከረጢቱ ትጨምራለህ። ቀድሞ እጁ ባዶ የሆነ አሸነፈ። ልብ በሉልኝ... ባዶ የሆነ!

«ጋሼ ናቸው የሚያሸንፉት። ገባህ?» አልኩት ኑሩን በጆሮው።

«አንተ ደግሞ! ምን ሞኝ አደረግከኝ?»

እናንተዬ፣ እንደዚያን ቀን ተግተን ተሸንፈን አናውቅም። አረንጓዴ በእጄ ይዤ «አረንጓዴ የለኝም» እያልኩ ከከረጢቱ እዘግናለሁ። ኑሩም እንደኔ። ከልቧ የምትጫወት ሚና ብቻ ናት። ፊታችን የጠጠር ክምር ሆነ። የጋሽ ይማም ግን ቀለለ፤ ፊታቸውም አብሮ ተፈታ። «አሃ! ሰማያዊ ከሰማያዊ!» እያሉ ኮታቸውን አወለቁ። በመጨረሻ አንዲት ቀይ ጠጠር ቀረቻቸው። ሰሌዳው ላይ ቀይ ቦታ አፉን ከፍቶ እየጠበቃቸው ነው። ተራው የኑሩ፣ ቀጥሎ የሳቸው። ትዳሩ ተሳካ፣ አለቀ ደቀቀ አልኩ በልቤ።

ሰዓዳ ሻይ ይዛ ከኩሽና ወጣች።

እስቲ በሷ ቦታ ሁኑና ፍረዱ። ሕጉን አልሰማች፣ ኩሽና ነበረች። የምታየው ምንድን ነው? ባሏና የባሏ ወንድም ፊት ክምር፤ የተከበሩት እንግዳ ፊት አንዲት ፍሬ!

«ውይ በሞትኩት! ጋሼ፣ ምነው ባዶ ሆነብዎ? እነዚህ ስግብግቦች!» አለችና ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ዘግና ፊታቸው ዘረገፈችው።

«ኧረ አልሃምዱሊላህ፣ በቃኝ ልጄ...»

«ምን በልተው ነው የሚበቃዎ? አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!»

ምን ልበላት? «ለእንግዳው አትስጪ» ይባላል? እንግዳው እየሰሙ? እሱን ከምል ምላሴ ይቆረጥ! ጠቀስኳት። «ጨምሪ» ያልኳት መሰላት፤ ጨመረች። በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኩ... የጋሽ ይማም እግር ኖሯል። እሳቸው ዞር ብለው አዩኝ፤ እሷ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሌላ እፍኝ ደገመች።

«ማሚ! ዛትስ ቺቲንግ!» ጮኸች ሚና።

«ዝም በይ! ለእንግዳ ይሳሳል?»

ጋሽ ይማም ክምራቸውን አዩት። ከዚያ ጠግቦ የተጨነቀ ሐበሻ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ መልሰው ማጉረስ ጀመሩ! «እስቲ አንተም ከእጄ» ብለው ለኑሩ ሁለት ጠጠር። ኑሩ ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ተቀበለ። ለኔም ሦስት። «ኧረ ይተዉ ጋሼ» እያልኩ ተቀበልኩ። ከዚያ አንዷን ወደ ሚና ዘረጉ።

«ኖ ታንክ ዩ» አለች ሚና።

የጋሽ ይማም እጅ አየር ላይ ቀረ። ሰዓዳ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በግርግሩ ሁላችንም ተራ ረስተናል፤ ሚና የማንንም ፊት ሳታይ የመጨረሻ ጠጠሯን ሰሌዳው ላይ ቀጭ አደረገቻት። «አይ ዊን!»

አለቀልን። እውነቴን ነው፣ ለራሴ ሳይሆን እዚያ በሱፉ ውስጥ ለሚቀልጠው ወንድሜ አዘንኩ።

«ይቺን ልጅ እንቢ ማለት ማን አስተማራት?» አሉ ጋሽ ይማም ቀስ ብለው።

«ማንም ጋሼ... እዚሁ ተወልዳ ነው። ይቅርታ ያድርጉልን።»

«የምን ይቅርታ? ጠዋት ባለቤቴ ምን ብላ እንደላከችኝ ታውቃላችሁ? ‹ሂድና እያቸው። ካልጣሙህ ፊት ለፊት እንቢ በል› ብላኝ ነበር።» ክምራቸውን በሁለት እጃቸው አቀፉት። «እንቢ ማለት የምችል ሰው ብሆን፣ ይሄን ሁሉ ጠጠር ታቅፌ እቀመጥ ነበር? በሉ፣ ሽማግሌ ላኩ!»

ሰዓዳ እልል አለች። ጋሽ ይማምን እስከ መኪናቸው ሸኝተን ስንመለስ ኑሩ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ ጭፍግግ አለ።

«ግን... ወደውኝ ነው? ወይስ ይሉኝታ ይዟቸው?»

«ወደዱህም ጠሉህም» አልኩት፣ «ጎርሰውሃል!»